የሆራን ሐይቅ በሩጫ መዞር፤ ከዝግጅት እስከ ሁለተኛው ዙር

በቢሾፍቱና በዙሪያዋ ካሉት ሐይቆች መካከል ለሯጭ የምመርጠው ሆራ አርሰዲን ነው። የባቦጋያ ዳርቻ በሎጆችና በመኖሪያ ግቢዎች ተይዟል። ኩሪፍቱም የመዝናኛ ሰፈር ሆኗል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ደግሞ ገደሉ ያስፈራል። ሆራ ግን ሐይቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዞር የእግር መንገድ አለው፤ በርምጃ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። በአንድ ወገን ውኃ፣ በሌላው ወገን ግራርና ቁጥቋጦ የበቀለበት ደረቅ ዳገት ይዞ የሚሄድ ቀጭን መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚርቅ በመሆኑ እሑድ ጠዋት ሮጦ ለምሳ ቤት መድረስ ይቻላል።

ለሯጭ ዙሩ አጭር ይመስላል፤ ሰው የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው። አስፋልት ላይ አሥር ኪሎ ሜትር ያለ ችግር የሚሮጥ ሰው "ይቺማ ምን አላት" ብሎ ገና ከበሩ ሲፈተለክ፣ ግማሽ ሳይደርስ ጉልበቱን ይዞ ይቀመጣል። እዚህ መንገድ ላይ የሚወድቀው አቅም ያነሰው ሰው ሳይሆን የቸኮለው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ መጀመሪያ መሬቱን ይወቁ፣ ፍጥነቱ በኋላ ይመጣል።

መሬቱ ምን ዓይነት ነው?

ሆራ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። ከምድር ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ቅልጥ አለት የከርሰ ምድር ውኃ ሲያገኝ፣ ውኃው ባንዴ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይፈነዳል። ፍንዳታው አፈርና ድንጋዩን በትኖ ሰፊ ጉድጓድ ይተዋል፤ ጉድጓዱ ውኃ ሲይዝ እንዲህ ያለ ሐይቅ ይሆናል። ሆራ የሁለት ጉድጓዶች ጥምር ነው። ስፋቱ ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ጥልቀቱ ግን 38 ሜትር ይደርሳል። የውኃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ላይ ነው።

ይህ ለሯጭ የሚያስከትለው ነገር አለ። ዳገቱ የተሠራው ፍንዳታው በበተነው ልል ጠጠርና አመድ ስለሆነ፣ ከላይ ጠንካራ መስሎ ሲረግጡት ከሥር ይንሸራተታል። ግድግዳው ዙሪያውን ስለከበበ ነፋስ እንደ ልብ አይገባም፤ ጠዋት ቀዝቀዝ ብሎ የነበረው ጉድጓድ ቀትር ላይ እንደ ምጣድ ይግላል። ውኃውም ከዳርቻው ጥቂት እንደራቁ ወዲያው ይጠልቃል። ላብ ያጠመቀው ሯጭ "ትንሽ ልቀዝቅዝ" ብሎ ዘሎ የሚገባበት ሐይቅ አይደለም። ዋና የሚችሉም ቢሆኑ ሮጠው ደክመው ሳሉ አይግቡ። የሐይቁ ውኃ ሶዳ ስላለበት አይጠጣም፤ የሚጠጡትን ውኃ ይዘው ይምጡ።

መቼ ይሂዱ?

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። ክረምቱ ወጥቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ አየሩ ጥርት ያለ ነው፤ ከጉድጓዱ አፋፍ ሆነው ሲያዩ በደቡብ ምዕራብ በኩል ዝቋላ፣ በሰሜን ምዕራብ ደግሞ የረር ወለል ብለው ይታያሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳው ይቀዘቅዛልና ከላይ የሚደረብ ነገር አይርሱ። በዚሁ ብርዳማ ወቅት የቢሾፍቱ ጥልቅ ሐይቆች የላይኛው ውኃቸው ቀዝቅዞ ከታችኛው ጋር ይደባለቃል። ከሥር የሚወጣው ውኃ ኦክስጅን ስለሌለው አንዳንዴ ዓሣ ይሞታል፤ የተለየ ሽታ ቢሸትዎት ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ከየካቲት እስከ ግንቦት ፀሐዩ ይበረታል። መሮጥ ይቻላል፤ ግን ማልዶ ገብቶ ማልዶ መውጣት ነው። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ዝናቡ ሲከታተል ዳገቱ ያንሸራትታል። ከጉድጓዱ ውጭ ያለው የአድዓ ጥቁር አፈር ደግሞ ጫማ ላይ እየተለጠፈ እግርን ያከብዳል፤ ያንን አፈር በክረምት የረገጠ ያውቀዋል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጎህ ሳይቀድ አይግቡ። አካባቢው ጅብ አያጣም፤ በጨለማ ደግሞ ልሉን ጠጠር ከጠንካራው መለየት አይቻልም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መጀመር፣ ቢዘገይ 3 ሰዓት ላይ ጨርሶ መውጣት ጥሩ ልማድ ነው። ጠዋት ረዘም ላለ ጊዜ ጥላ የሚይዘው የምሥራቁ ግድግዳ ነው። ስለዚህ የምሥራቁን ዳርቻ መጨረሻ ላይ እንዲያገኙት አድርገው አቅጣጫዎን ይምረጡ፤ ድካም በሚበረታበት ሰዓት ጥላ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ከመስቀል ቀጥሎ በሚመጣው እሑድ የኢሬቻ በዓል የሚከበረው እዚሁ ሆራ አርሰዲ ላይ ነው። በዚያ ቀንና በዋዜማው ቀናት ስለ ሩጫ አያስቡ። ቦታው ብዙ ሺህ ሰው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ፈጣሪውን ለማመስገን የሚመጣበት ነው። በሌላው ጊዜም ቢሆን በውኃው ዳር ወይም በትልልቆቹ ዛፎች ሥር የሚጸልዩ፣ የሚያመሰግኑ ሰዎች ያጋጥሙዎታል። ሩጫዎን አቁመው በርምጃ ይለፉ፤ ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሱ።

ከየት ለመጣ ሰው ከፍታው ምን ማለት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ለሚኖር ሰው ቢሾፍቱ ዝቅ ያለ ነው፤ አምስት መቶ ሜትር ያህል ልዩነት አለው። ትንፋሽ ቀለል ይላል፣ እግር ይፈጥናል፤ ይህ ደስታ ግን ያታልላል። ሙቀቱ ከአዲስ አበባ ስለሚበልጥ በትንፋሽ ያተረፉትን በላብ ያጡታል።

ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከሌላ ዝቅተኛ ቦታ ለዕረፍት ለመጡ ወገኖቻችን ነገሩ ይገለበጣል። 1,850 ሜትር ላይ አየሩ ሳስቶ ይጠብቃቸዋል፤ አገር ቤት እንደገቡ በማግስቱ መሮጥ ትርፉ ራስ ምታት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት በእግር ይሂዱ፣ ውኃ ይጠጡ፣ በደንብ ይተኙ። ከዚያ በኋላም ቢሆን በሚኖሩበት አገር ሳሉ በእጅ ሰዓትዎ ያዩት የነበረውን ፍጥነት እዚህ አይፈልጉት። ልብዎ በዝግታም ቢሆን ብዙ ሥራ እየሠራ ነው።

ምን ይያዙ?

ጫማን በተመለከተ ብዙ ሰው "ለተራራ የተሠራ ጫማ ካልገዛሁ" ብሎ ይዘገያል። ለዚህ ዙር ግድ አይደለም። የሩጫ ጫማ ሆኖ ሶሉ ያላለቀ፣ ጥርስ ያለው፣ ተረከዙ ያልተጣመመ ይበቃል። ከስፖርት ዕቃ መሸጫ ሲገዙ ጫማውን ገልብጠው ሶሉን በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። እንደ ድንጋይ የደረቀ ከሆነ ጠጠር ላይ አይይዝም፤ ይተዉት። ከዚያ በሁለት እጅ ይዘው ያጥፉት፤ መታጠፍ ያለበት የእግር ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። ከመሐሉ ከታጠፈ እግርን አይደግፍም። ካልሲ አድርገው ሲለኩት ከረጅሙ ጣትዎ ፊት አንድ የአውራ ጣት ስፋት መትረፍ አለበት። ቁልቁለት ሲወርዱ እግር ወደፊት ስለሚገፋ፣ ልክክ ያለ ጫማ ጥፍር ያጠቁራል።

ቁምጣ ወይም ቱታ የእርስዎ ምርጫ ነው፤ እኔ ግን መንገዱ ዳር እሾህ ስላለ ረዘም ያለውን እመክራለሁ። ባርኔጣ፣ ትንሽ ፎጣ፣ ስልክ፣ ጥቂት ብርና የሚለጠጥ ፋሻ ይጨምሩ። ለአንድ ሰዓት ሩጫ ቢያንስ ግማሽ ሊትር ውኃ ይያዙ፤ ፀሐይ ከበረታ በኋላ የሚሮጡ ከሆነ ከዚያም በላይ።

ምን በልተው ይሂዱ?

ከዋዜማው ይጀምሩ። ቅዳሜ ማታ ጥሬ ሥጋና መጠጥ አምሽቶ እሑድ ማለዳ ዳገት መሮጥ ሆድን ማሠቃየት ነው። ሽሮ በእንጀራ፣ ፓስታ ወይም ሩዝ በጊዜ በልተው ይተኙ።

ጠዋት ላይ ከበሶ የተሻለ ነገር አላውቅም። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ሰው የሚያበላሸው ነገር አለ፤ ዱቄቱን ውኃ በሞላ ኮዳ ውስጥ ይጨምረዋል፣ ጓል እየሠራ ይቀራል። እንዲህ ያድርጉ፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበሶ ዱቄት በኩባያ ውስጥ አድርገው ጥቂት ውኃ ጠብ እያደረጉ እንደ ሊጥ እስኪሆን በማንኪያ ይሹት። ከዚያ አንድ ማንኪያ ማር ወይም ስኳርና ቁንጥር ጨው ጨምረው ግማሽ ሊትር እስኪሞላ በውኃ ያቅጥኑት። በጥብጠው ኮዳ ውስጥ ይገልብጡት። ከሩጫው ከአንድ ሰዓት በፊት ግማሹን ይጠጡ፤ የቀረው ሲጨርሱ ነው። ገና ያልሞከሩት ከሆነ ግን ቤትዎ አካባቢ ሲሮጡ ሆድዎ እንደሚስማማው ይፈትኑት እንጂ ሆራ ላይ አይጀምሩ።

የጾም ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ሁዳዴ የሚውለው ፀሐይ በሚበረታባቸው ወራት ነው። እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ የሚጾሙ ከሆነ፣ ማለዳ ዙሩን ሮጦ ለረጅም ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ መዋል ጤና አይሰጥም። በእነዚያ ሳምንታት ዙሩን በርምጃ ያድርጉት፤ ወይም ጾሙን ከፈቱ በኋላ፣ ጥላው ሲመለስ፣ በዝግታ ይሩጡ። በረመዳን ለሚጾሙ ደግሞ ከማፍጠሪያው በፊት ባለው ሰዓት ቀለል ያለ ሩጫ፣ ከዚያ ቴምርና ውኃ። ሕመም ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር በጾም አይሩጥ።

መጀመሪያ በእግር ይዙሩት

የመጀመሪያውን ቀን አይሩጡ። ይህን ምክር ሰው አይወደውም፤ ግን ከሁሉ የሚጠቅም እሱ ነው። አዲስ አበባ ቃሊቲ ከሚገኘው መናኸሪያ ተሳፍረው ቢሾፍቱ ይውረዱ፤ ከዚያ ባጃጅ "ሆራ" ቢሉት ያደርስዎታል። ብቻዎን አይሂዱ፤ ቢያንስ ሁለት ሁኑ፤ ከመግባታችሁ በፊትም በአካባቢው ያገኛችኋቸውን ሰዎች ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው ጠይቁ።

ሲዞሩ ዓይንዎ መንገዱ ላይ ይሁን። የት ላይ ጠጠሩ ልል ነው? የት ላይ ሥር ከመሬት ወጥቷል? የት ላይ መንገዱ ወደ ውኃው ተጠግቶ ይጠባል? ለሁለት የሚከፈልበት ቦታስ? ከብቶች ወደ ውኃው የሚወርዱበት መንገድ ሰፊና የተረገጠ ስለሚሆን ዋናው መንገድ መስሎ ያሳስታል። ውኃው ሁልጊዜ በአንድ ወገንዎ መሆኑን ካረጋገጡ ግን አይጠፉም። በርምጃ የፈጀብዎትን ሰዓት ያስታውሱ።

ያን ቀን የሚያዩት ነገርም አለ። የሆራ ወፎች በጣም ብዙ ናቸው፤ ዳክዬው፣ ዓሣ አዳኙ፣ ግራሩ ላይ የሚንጫጫው ትንንሽ ወፍ። ሲሮጡ ዓይንዎ መሬት ላይ ስለሚሆን ያኔ አያዩአቸውም።

የሩጫው ቀን

ከመጀመርዎ በፊት አሥር ደቂቃ ያህል በርምጃና በሶምሶማ ይሟሟቁ። ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዙሩት፣ ጉልበትዎን ከፍ እያደረጉ ይራመዱ። ቆሞ ጡንቻ መሳቡ ለመጨረሻ ይቆይ።

የመጀመሪያውን ሩብ እጅግ በዝግታ ይሩጡ። መለኪያው ቀላል ነው፤ አጠገብዎ ካለው ሰው ጋር ሳያቋርጡ ማውራት ከቻሉ ፍጥነትዎ ልክ ነው። ቃል በቃል እየቆራረጡ ከሆነ ፈጥነዋል። የኪሎ ሜትር ሰዓትዎን ይተዉት። ጎበዞቹ የአገራችን ሯጮችም ጫካ ውስጥ ቀላል ልምምድ ሲሠሩ የሚቆጥሩት ደቂቃ ነው፤ አንድ ሰዓት ሮጥኩ፣ አንድ ሰዓት ከአሥር ሮጥኩ ይላሉ። እንጦጦም ሆነ ሰንዳፋ ጫካው ውስጥ በዛፎቹ መሐል እየተጠማዘዙ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ ሲሮጡ ላያቸው ሰው ዘዴው ግልጽ ነው። ፊተኛው መሬቱን ያያል፣ ኋለኞቹ እግሩን ያያሉ፤ ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ያሳያል። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። መንገዱን በደንብ የሚያውቀው ፊት ይሁን፤ ሁለት ርምጃ ያህል ርቀት ጠብቀው ይከተሉ። በጣም ከተጠጉ መሬቱን ማየት አይችሉም።

ዳገት ሲመጣ ርምጃዎን ያሳጥሩ። ርዝመቱ ይቀንስ እንጂ የእግርዎ ቶሎ ቶሎ መነሳት አይቀንስ። ትንፋሽዎ ከቸኮለ ይራመዱ፤ ዳገት ላይ መራመድ ሽንፈት አይደለም። እጅዎን ጭንዎ ላይ አድርገው እየገፉ ሲወጡ ከሚሮጠው ጎረቤትዎ ብዙም ወደ ኋላ አይቀሩም፤ አናቱ ላይ ሲደርሱ ግን ጉልበት የተረፈዎ እርስዎ ነዎት።

ቁልቁለቱ ነው አስተማሪው። ልል ጠጠር ላይ ሲወርድ ሰው በደመ ነፍስ ወደ ኋላ ያዘነብልና በተረከዙ ያቆማል። ተረከዙ ጠጠሩን ይዞት ይሄዳል፣ በመቀመጫው ይወድቃል፤ ባይወድቅ እንኳ ጉልበቱ ሙሉ ክብደቱን ይሸከማል። ትክክለኛው ተቃራኒው ነው። ወገብዎን ጥቂት ወደፊት ያድርጉ፤ እግርዎ ከሰውነትዎ ፊት ሳይሆን ከሥርዎ ይረፍ። ርምጃዎ አጭርና ፈጣን ይሁን፤ አንዱ እግር ቢንሸራተት ሌላው ወዲያው መሬት ይይዛል። ክንድዎን ከጎንዎ ከፈት አድርገው ሚዛን ይጠብቁበት። ዓይንዎ ከጫማዎ ጫፍ ላይ አይሁን፤ ሦስት አራት ርምጃ ወደፊት ይይ፤ እግርዎ የሚረግጠውን ቀድሞ አይቶታል። ለስላሳ አሸዋ ከመሰለው ይልቅ መሬት ውስጥ የተቀበረ ድንጋይ ወይም ሣር የያዘው ጠርዝ ይሻላል። ቁልቁለቱ በጣም ቀጥ ካለ ደግሞ ወደ ጎን ዞረው በርምጃ ይውረዱ። ይህን ለመልመድ አንድ አጭር ቁልቁለት መርጠው አምስት ስድስት ጊዜ በዝግታ መመላለስ፣ ሙሉውን ዙር ሁለት ጊዜ ከመሮጥ የበለጠ ያስተምራል።

በመንገዱ ላይ ብቻዎን አይደሉም። ከብት ይዞ የሚወርድ እረኛ፣ ውኃ የጫነች አህያ፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ያጋጥሙዎታል። ከብቶቹን እየሮጡ ሰንጥቀው አይለፉ፤ ይደነግጡና ቁልቁል ይተራመሳሉ። ወደ ርምጃ ይመለሱ፣ ከዳገቱ በኩል ይለፉ፣ ሰላም ይበሉ። ኦሮምኛ ባይችሉ እንኳ "አካም ቡልተን" ማለት ፊት ያበራል። በአፋፉ በኩል ከወጡ ጤፍና ምስር የተዘራበት ማሳ አለ፤ በተለይ እስከ ታኅሣሥ አዝመራው ሳይነሳ አቋርጠው አይሩጡ።

ውሻ ቢመጣብዎ አይሩጡ፤ የሚሮጥ ነገር ያሳድዳል። ይቁሙ፣ ፊትዎን ይስጡት፣ ቀስ ብለው ወደ ጎን ይራመዱ። አጎንብሰው ድንጋይ የሚያነሱ ቢመስሉ አብዛኛው ይመለሳል። ከነከሰዎ ወይም ከቧጨረዎ ግን ነገሩ የሚዘገይ አይደለም፤ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡት፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄደው ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይጠይቁ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብለው አይተዉት፤ በሽታው አንዴ ምልክቱን ካሳየ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

ወለምታ ቢያጋጥም

ቁርጭምጭሚት መታጠፍ በዚህ መንገድ ላይ ከሁሉ የተለመደ ጉዳት ነው። ቢያምም ባያምም "ሲሞቅ ይለቀኛል" ብለው መሮጥዎን አይቀጥሉ። ይቀመጡ፣ ጫማውን ያላሉ፣ በፋሻ ደህና አድርገው ይጠቅልሉት፤ ጣቶችዎ እንዲደነዝዙ እስኪያደርግ ግን አይጥበቅ። ቤት ሲደርሱ ከፍ አድርገው ያሳርፉት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ያድርጉበት።

ብዙዎቻችን ወዲያው ወደ ወጌሻ እንሄዳለን። ከመታሸትዎ በፊት አንድ ፈተና ያድርጉ፤ በተጎዳው እግር ክብደትዎን ጥለው አራት ርምጃ መራመድ ይችላሉ? ካልቻሉ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱን ጉብጉብ አጥንት ሲጫኑት የሚያስጮህ ሕመም ካለ፣ ስብራት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ራጅ ይነሱ። የተሰበረ አጥንት ሲታሽ ይብሳል።

ራስዎን ካዞረዎ፣ ላብዎ ከቆመ፣ ብርድ ብርድ ካለዎ ወይም ከጓደኞችዎ አንዱ ግራ የተጋባ ንግግር ከጀመረ ሙቀቱ አሸንፏል። ጥላ ሥር አረፍ አድርጉት፣ ልብሱን አላልታችሁ ውኃ አፍስሱበት፤ ንግግሩ ግራ ከተጋባ ሳትቆዩ፣ አለዚያም ቶሎ ካልተሻለው፣ በባጃጅ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ሁለተኛው ዙርና ከዚያ በኋላ

የመጀመሪያውን ዙር በሩጫ ከጨረሱ በኋላ፣ ያን ቀን ሁለተኛውን አይጨምሩ። አሥር ደቂቃ በርምጃ ይቀዝቅዙ፣ የባትና የጭን ጡንቻዎን ያፍታቱ፣ የቀረውን በሶ ይጠጡ። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን የፊት ጭንዎ ሲያምዎት አይደንግጡ፤ የቁልቁለቱ ሥራ ነው፣ በራሱ ይለቃል። ደረጃ ሲወርዱ ብቻ የሚያም የጡንቻ ሕመም ነውና ቀለል ያለ ርምጃ ይረዳዋል። ጉልበት መገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ እሱ ዕረፍት ይፈልጋል።

በሳምንት አንድ ቀን ሆራ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሰፈርዎ ባለ ኮሮኮንች ወይም ሜዳ ላይ ቀላል ሩጫ ካደረጉ ይበቃል። በሁለተኛው ሳምንት ዙሩን በተቃራኒው አቅጣጫ ይሩጡት፤ ዳገቱ ቁልቁለት፣ ቁልቁለቱ ዳገት ስለሚሆን ሌላ መንገድ የሮጡ ይመስልዎታል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ዙር ሮጠው ሌላውን ይራመዱ። ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ፣ ምንም ሕመም ከሌለ፣ ሁለት ዙር በሩጫ ይሞክሩ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ባልዘገየ ጊዜ ከጨረሱ በትክክል ሮጠዋል። ከዘገዩ የመጀመሪያውን ቸኩለዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አንደኛውን ዝግ ያድርጉት።

ሁለት ዙር ሲቀላቸው አንዳንዶች ዓይናቸውን ዝቋላ ላይ ይጥላሉ፤ አናቱ ላይ ሐይቅ አለው ብለው። ዝቋላ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ነው፤ ሐይቁም የተከበረ ነው። ለመሳለም ይሂዱ፤ በሰዓት ለመወዳደር አይሂዱ። ዳገት የሚፈልግ ሯጭ አዲስ አበባ አጠገብ እንጦጦን ያገኛል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በሐይቁ ዳርቻ የሚታየው የፕላስቲክ ኮዳ ብዛት ያሳዝናል። የያዙትን ኮዳ፣ የብስኩት መጠቅለያውን፣ የሙዝ ልጣጩንም ሳይቀር ይዘው ይውጡ። ሲጨርሱ ከዳርቻው ሁለት ሦስት የሌላ ሰው ኮዳ አንስተው ከረጢትዎ ውስጥ ቢጨምሩ ጊዜ አይወስድም።

ለመጀመር አመቺው ጊዜ ኢሬቻ ካለፈ በኋላ ያሉት የጥቅምት ሳምንታት ናቸው፤ ያኔ የጀመረ ሰው ጥር ሳይወጣ ሁለት ዙር ይሮጣል። ሰኔ ተጋምሶ ዝናቡ ከገባ ግን ዳገቱን ይተዉት፤ እስከ መስከረም ኮሮኮንች ላይ ይሩጡ።